ከፍ ተደርጎ የተሻሻለ ፒክአፕ ከተጋጨ በኋላ ለመድን ኩባንያው ምን ልናገር?

ጥያቄ፦ ባለ ፒክአፑ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና መድን ካሳ አጠያየቅን በሥራችሁም ሆነ በደረሰባችሁ ነገር የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ ጉዳዬን ከመነሻው አስረዳለሁ። ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ፤ ከገዛሁት ጀምሮ ሙሉ መድን ገብቼለት በየዓመቱ ሳላቋርጥ አሳድሻለሁ። ሥራዬ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ክትትል በመሆኑ የወሩን ግማሽ በገጠር መንገድ ላይ አሳልፋለሁ። ስለዚህ ከዓመት ተመንፈቅ በፊት የፊቱን ሞላ በረዘመ ሞላ አስቀይሬ፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ ጠፍጣፋ የብረት ሞላ) አስደርቤ፣ መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አስደረግሁት። 265/65 የነበረውን ባለ 17 ጎማም በ285/70 የጭቃ ጎማ ለወጥሁ፤ ከፊት የብረት መከላከያ፣ ከጣራው ላይ ደግሞ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አስገጠምሁ። በጠቅላላው ያወጣሁት ወደ 400 ሺህ ብር ይጠጋል።

ይህን ሁሉ ለመድን ኩባንያው አላሳወቅሁም። ለመደበቅ አስቤ አልነበረም፤ ሞተሩም ሻንሲውም ያው ስለሆነ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ውሉን ሳሳድስም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አረቦኑን (የመድኑን ክፍያ) ከፍዬ ደረሰኙን ይዤ ወጣሁ።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዝናብ እየዘነበ ሳለ አህያ ከቦይ ወጥታ አስፋልቱ መካከል ገባች። እሷን ለማዳን መሪውን ወደ ግራ ስመልስ የመኪናው ኋላ ተንሸራተተ፤ ከፊት ለፊት ይመጣ የነበረ አይሱዙ ጎኔን መትቶኝ ወደ ቦዩ ገባሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ሕይወት አልጠፋም፤ የአይሱዙው ሾፌር ግን እጁ ላይ ጉዳት ደርሶበት ታክሟል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ፕላን (የቦታውን ንድፍ) አንሥቷል፤ በማግሥቱም ለመድን ኩባንያው በስልክ አሳውቄያለሁ።

የቸገረኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። መኪናውን ያስገባሁበት ጋራዥ ባለቤት፣ የመድን ኩባንያው የጉዳት ገማች ሰኞ ከመምጣቱ በፊት ቤት የተቀመጡትን የድሮ ጎማዎች መልሰን እንግጠም፣ የብረት መከላከያውንና ፖርቶመጋላውን እንፍታ፣ የተደረበውን ባሌስትራም እናውጣ ይለኛል። እንዲህ ካላደረግሁ አንድ ብር አላገኝም አለኝ። ሰውየው ለእኔ አዝኖ እንደሚናገር አልጠራጠርም፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦ በመድን ኩባንያ የካሳ ክፍል 11 ዓመት የሠራ

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስዎ ተረፈ። ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ቁርጥ ያለ ነው፤ አሁኑኑ ወደ ጋራዡ ይደውሉና አንድም ብሎን እንዳይፈታ ይናገሩ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ያለሁበት ክፍል ሥራው የሰዎችን ቃል ከብረት ጋር ማስተያየት ነበር፤ ብረት ደግሞ ብዙ ይናገራል። ዓመት ተመንፈቅ ጭቃ የጠጣ ባሌስትራ በአንድ ቀን ሲፈታ፣ የዩ ቅርጽ ያለው ማሰሪያው ላይ ዝገቱ ተፍቆ የመፍቻው ምልክት እንደ አዲስ ቁስል ያበራል። ትልቅ ጎማ እንዳይነካ ተብሎ በፓራፋንጎው ውስጥ የተቆረጠ ፕላስቲክ ካለ፣ ትንሹ ጎማ ሲመለስ የተቆረጠው ቦታ ባዶውን ይታያል። የብረት መከላከያው ተፈትቶ የፋብሪካው ፓራውልት ሲገጠም ደግሞ ኮፋኖው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሳለ ፓራውልቱ ጭረት የሌለበት ይሆናል፤ ይህን ያየ ገማች የሚጽፈውን አይጠይቁኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ትራፊክ ፖሊሱ በቦታው ያነሣው ፎቶ አለ፤ የአይሱዙው ሰዎችም በስልካቸው ማንሣታቸው አይቀርም። የካሳ ክፍሉ እነዚህን ከገማቹ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያያቸዋል።

ሕጉን ደግሞ እንመልከት። የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍል እስከ ዛሬ የሚሠራበት የ1952ቱ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም። አንቀጽ 667 መድን ገቢው መድን ሰጪው የአደጋ ሥጋቱን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ነገር እንዲገልጽ ያስገድደዋል። አንቀጽ 669 ደግሞ በውሉ ዘመን የአደጋ ሥጋቱን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ ማሳወቅ እንደሚገባ ይናገራል። የእርስዎን ዕጣ የሚወስነው ግን አንቀጽ 668 ነው። አንቀጹ ሁለት ሰዎችን ይለያል፤ አንደኛው አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሲሆን የዚህ ሰው ውል ፈራሽ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ተንኮል ሳያስብ ሳይናገር የቀረ ነው፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ሲታወቅበት ካሳው ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ የከፈለው አረቦን መክፈል ከነበረበት አረቦን ጋር ተመዛዝኖ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ 20 ሺህ ብር የከፈለ ሰው፣ ለውጡ ታውቆ ቢሆን 30 ሺህ ይከፍል ከነበረ፣ የ300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚያገኘው 200 ሺህ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ እርስዎ ሁለተኛው ሰው ነዎት። ጋራዡ ያቀረበልዎ ሐሳብ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አንደኛው ሰው ያደርግዎታል። በማታለል ተከሰው ፍርድ ቤት የሚቆሙበት መንገድም ይከፈታል።

ነገ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ የአደጋውን ቀንና ሰዓት፣ የፖሊሲ (የመድን ውል ሰነድ) ቁጥርዎን፣ የተለወጠውን ዕቃ በየስሙና መቼ እንደተገጠመ፣ ደረሰኝ ካለዎትም አባሪ አድርገው፣ ሳያሳውቁ የቀሩበትን ምክንያት ልክ እዚህ እንደነገሩን ያስፍሩ። ገማቹ ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ያስገቡና ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። የዚያ ቀን ማኅተም ያለው ቀሪ በኋላ ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ሌላም ነገር ላስታውስዎ። የመድን መጠኑን ከገዙ ጀምሮ ካላሻሻሉት፣ የመኪና ዋጋ በእነዚህ ዓመታት እንዴት እንደወጣ ያውቃሉና፣ ከገበያ ዋጋው በታች ዋስትና ገብተው ሊሆን ይችላል። በብዙ ውሎች ላይ ይህም ካሳውን በራሱ ስሌት ይቀንሰዋል፤ 3 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ተመዝግቦ ከሆነ ለከፊል ጉዳት የሚከፈለው ከሦስት ሁለቱ እጅ ይሆናል። ብዙ ደንበኛ ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብሎ ያለቀሰው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ፖሊሲዎን አውጥተው ቁጥሩን ዛሬ ይዩት።

መልስ 2፦ የጋራዥ ባለሙያ፣ ቃሊቲ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ። በሙያ ባልደረባዬ ምክር ግን አዝኛለሁ፤ እንዲህ ያለው ምክር የሁላችንንም ስም ያጎድፋል።

እኔ የምጨምረው ገማቹ ምናልባት ስለሚጠይቅዎ ነገር ነው። መድን ኩባንያው ለውጡ አደጋውን አምጥቷል ወይም አባብሷል ሊል ይችላል፤ ለዚህ መልስ እንዲኖርዎ ቁጥሩን ይወቁ። 265/65 ባለ 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 285/70 ደግሞ 831 ይጠጋል፤ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ይህ ማለት የፍጥነት መለኪያው ቀድሞ ልክ ከነበረ፣ 80 ሲያሳይዎ ጎማው የሚሄደው ወደ 86 ነው። ስለዚህ ለፖሊስ የሰጡት ቃል ላይ ፍጥነቱን መለኪያው ላይ ያየሁት ብለው መናገርዎንና አለመናገርዎን ያስታውሱ። ካላስታወሱ በግምት ሌላ ቁጥር አይጨምሩ።

እውነቱን ለመናገር የጭቃ ጎማ በረጠበ አስፋልት ላይ እንደ መንገድ ጎማ አይዝም፤ ጥርሱ ሰፋፊና የተራራቀ ስለሆነ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ከፍ የተደረገ መኪናም መሪ በድንገት ሲመለስ ወደ ጎን የበለጠ ይወዛወዛል፤ ጣራው ላይ ጭነት ካለ ደግሞ ይብሳል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ገማቹም ስለሚያውቀው ክርክርዎን ለውጡ ምንም አላደረገም በሚለው ላይ አይመሥርቱ ለማለት ነው። በዝናብ ማታ አህያ መንገድ ላይ ስትገባ ፋብሪካ እንደሠራው ያለ መኪናም ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህ በቂና እውነተኛ ቃል ነው። የጎማው ጥርስ ገና ጥልቀት ካለው በማስመሪያ ለክተው ፎቶ ያንሡት። የጎማ ሚዛንና የመሪ ማስተካከያ ያሠሩበት ደረሰኝ ካለም ይፈልጉት፤ መኪናውን ይንከባከቡት እንደነበር ያሳያል።

ፕሮፎርማውን (የጥገናውን የዋጋ ማቅረቢያ) በሁለት ወረቀት ያሠሩ። አንዱ ከመኪናው ጋር የመጣውን ክፍል ብቻ፣ ማለትም ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ በር፣ የጎን ላሜራ፣ ቀለምና የእጅ ዋጋ ይያዝ። ሌላው እርስዎ የጨመሩትን ዕቃ ይያዝ። ውሉ ላይ ያልተጻፈ ተጨማሪ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲደባለቁ ግን የሚከፈለውም ጭምር በጥርጣሬ ታስሮ ይቆያል።

መልስ 3፦ የደረሰበት፣ አዳማ

የወንድሜን ልናገር። የኮሮላውን ሞተር ከሌላ መኪና በወጣ ሞተር ለውጦ ሊብሬው ላይ ሳያስመዘግብ ይነዳ ነበር። ሲጋጭ ለጠያቂው ሠራተኛ ሞተሩ የፋብሪካው ነው ብሎ በፊርማው አረጋገጠ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ካሳው ሙሉ በሙሉ ተከለከለ፤ የተበላሸው ግን የኋላ በርና ፓራውልት ብቻ ስለነበር ሞተሩ ከጉዳቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ቢያንስ የተወሰነውን ያገኝ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ፤ ያን ፎርም ሲፈርም አጠገቡ ነበርኩ።

ባለ ፒክአፑ በድጋሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋራዡ ጋ ደውዬ ሁሉም ነገር እንዳለ እንዲቆይ ነግሬያለሁ፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ቢለውም ተቀብሎኛል። ፖሊሲዬን አውጥቼ ሳየው የመድን መጠኑን ባለፈው እድሳት ላይ ራሳቸው አሳድገውት ስለነበር በዚያ በኩል ብዙ የምሰጋ አይመስለኝም።

ሁለት ነገር ግን ቀርቶኛል። የአይሱዙው ባለቤት ዛሬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ 180 ሺህ ብር ከፍለኸኝ ነገሩ እዚሁ ይለቅ ብሎኛል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ መኪናው ቆሞበት የዕለት ገቢው ተቋርጧል፤ ልቤ ሊከፍለው ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ የዓመት ምርመራውን አልፎ ቦሎ ወስጃለሁ። ይህ ይጠቅመኛል?

መልስ 4፦ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

ለሽማግሌዎቹ አክብሮት ይስጡ፤ ሰውየውንም ሄደው ይጠይቁት፤ ገንዘብ ግን አይክፈሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ወረቀትም አይፈርሙ። የሙሉ መድን ውሎች ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ኃላፊነት ማመንን ወይም መታረቅን በአብዛኛው ይከለክላሉ፤ ይህን ቢጥሱ ስለ ጎማው ሳይሆን ስለዚሁ ብቻ ክርክር ይገጥምዎታል። ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረው ወደ መድን ኩባንያው ይሂዱና የአይሱዙው ጥያቄ በጽሑፍ እንዲቀርብ ያድርጉ። ዕርቅ በኩባንያው ፊትም ሊደረግ ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ቆጥሮ ጠቅላላ ጉዳቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ይህ የሚቀየረው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። እርስዎ ወደ እሱ መስመር ስለገቡ የፖሊሱ ፕላን ወደ እርስዎ ሊያዘነብል ይችላል፤ ሆኖም የፕላኑን ቅጂ ሳያዩ 180 ሺህ ብር የሚለውን ቁጥር መቀበል ተገቢ አይደለም።

የሦስተኛ ወገን መድንዎን ከሙሉ መድኑ ለይተው ይመልከቱት። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የደነገገው አስገዳጅ መድን ዋና ዓላማው ተጎጂውን መጠበቅ ነው። በእርስዎና በመድን ሰጪው መካከል ስለ ሞላና ጎማ የሚነሣው ክርክር የሾፌሩን የሕክምና ወጪ ሊያዘገይ አይገባም። ስለዚህ ስለ ሾፌሩ የአካል ጉዳት የሚቀርበውን ማስታወቂያ ለብቻው ያስገቡ።

ምርመራውን በሚመለከት፣ ማስረጃው ይጠቅምዎታል፤ ነገር ግን ከሚጠቅመው በላይ አይጠብቁበት። መኪናው በዚያ ቀን ለመንገድ ብቁ ሆኖ መገኘቱን ያሳያል፤ መድን ሰጪው መኪናው ብልሽት ያለበት ነበር ቢል መልስ ይሆናል። ለመድን ሰጪው የማሳወቅ ግዴታዎን ግን አይተካም፤ መርማሪው የመድን ኩባንያው ወኪል አይደለምና። እግረ መንገዴን፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስላለ፣ መኪናው ከተጠገነ በኋላ ለውጦቹ በመዝገቡ ላይ መስፈር ያለባቸው መሆኑን ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ።

ኩባንያው ቢከለክልዎ ወይም ቢቀንስብዎ ምክንያቱንና ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ እዚያ አቤት ማለት ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት ወይም ውሉ የሚያዝ ከሆነ የግልግል ዳኝነትም አለ። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄን በ2 ዓመት ይርጋ ያግደዋል፤ ነገ ዛሬ እየተባለ ጊዜው ያለፈባቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ቀኑን ይጻፉት።

ባለ ፒክአፑ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ

የመከራችሁኝን ያህል ውጤቱን መንገር ስላለብኝ ተመልሻለሁ።

ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት አስገብቼ ቀሪውን አስመትቼ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። ገማቹ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ሰላም ካለን በኋላ ቁጢጥ ብሎ የኋላውን ጎማ ጽሑፍ አነበበ፣ በባትሪ ባሌስትራውን ቆጠረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና አጣጥፎ ከፋይሉ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ለውጡ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

የካሳ ክፍሉ ግን መጀመሪያ ላይ ክፍያው ሙሉ በሙሉ መቅረት እንዳለበት በቃል ነግሮኝ ነበር። አንቀጽ 668ን ጠቅሼ ስሌቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለከትሁ፤ ደብዳቤዬ የገባበትን ቀንም አሳየሁ። ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። የከፈልሁት አረቦን 31,200 ብር ነበር፤ ለውጡ ታውቆ ቢሆን 39,000 ይሆን እንደነበር አስልተው 80 በመቶ እንዲከፈለኝ ወሰኑ። ለፋብሪካው ክፍሎች ከጸደቀው 540,000 ብር ላይ 432,000 ሆነ፤ እኔ ልሸፍነው የሚገባኝ 15,000 ተቀንሶ 417,000 ብር ጸደቀልኝ። የብረት መከላከያው፣ ፖርቶመጋላውና ሁለቱ የተቀደዱ ጎማዎች አልተከፈሉም፤ ለብቻቸው በተሠራው ፕሮፎርማ ላይ ስለነበሩ ግን ሌላውን አላስያዙትም።

የአይሱዙውን ባለቤት ኩባንያው ራሱ አነጋግሮ በ135 ሺህ ብር ተስማምተዋል፤ ሽማግሌዎቹም ተገኝተው ፈርመዋል። ሾፌሩን ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ እጁ ድኖ ሥራ ጀምሯል።

የቀረውን የውል ዘመን የሚሸፍን የውል ማሻሻያ ተጽፎልኝ ከፍ የተደረገው ሞላና ባሌስትራ በስማቸው ሰፍረዋል፤ ልዩነቱንም ከፍያለሁ። የጭቃ ጎማውን ግን በመንገድ ጎማ ለውጬዋለሁ፤ ፖርቶመጋላውንም አላስጠገንሁትም። ጋራዡ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ የሚፈልግ ካለ ያናግረኝ።